የእናቶችን ድምፅ የማያስገባው ስልክዎ

ለተከበሩ የዋናው ጽሕፈት ቤት የመገናኛ ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ በሙሉ ጤንነት፣ በተረጋጋ መንፈስና በተለይም በማይደክም ጆሮ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ደውዬ ጤናዎን መጠየቅ ወጉ ነበር፤ ነገር ግን ብደውል እርስዎ እኔን ይሰማሉ እንጂ እኔ እርስዎን ስለማልሰማ፣ «ደኅና ነኝ» ቢሉም «ታምሜአለሁ» ቢሉም ለእኔ አንድ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በጋዜጣ መጻፌን እንደ ድፍረት ሳይሆን የቀረኝ ብቸኛ መንገድ እንደሆነ እንዲያዩልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ነገሩ የተበላሸበትን ቅጽበት አልረሳውም። ከእርስዎ ዘንድ የመጣው ባለመሰላሉ ቴክኒሻን የድሮውን ስልካችንን ገመድ በመቁረጫ ቀጭ አድርጎ፣ አዲሱን የኢንተርኔት ስልክ የአዋላጆች ክፍል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ «ይኸው እህቴ፣ እናንተም ዘመናዊ ሆናችሁ» ብሎኝ መሰላሉን እንደተሸከመ በበሩ በጎን እየሾለከ ሳለ ስልኩ ጮኸ። አነሳሁትና «የእናቶች ጤና ጣቢያ ነው፣ አዋላጅ ነርሷ ነኝ፣ ምን ልርዳ?» አልኩ። መልስ የለም። መቆራረጥ የለም፣ ጩኸት የለም፣ የሰው ትንፋሽ እንኳ የለም። አጠገቤ ፋሻ ስትጠቀልል የነበረችው፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት ትልቋ አዋላጅ «ምነው፣ አኩርፎሽ ነው?» ብላ ተቀበለችኝና እሷም በተራዋ «አቤት! አቤት!» ስትል ቆይታ፣ «ይሄ ሰው አለ፤ ግን የለም» ብላ መለሰችልኝ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ነፍሰ ጡር ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ቁልቁለቱን ወርዳ መጣችና በሩ ላይ ቆማ፣ «እኔ ምን በደልኩሽ? ስለ ቁርጠቴ እየነገርኩሽ አንቺ ማን ልበል፣ ማን ልበል! እናቴ ያወጣችልኝን ስም ስንት ጊዜ ልንገርሽ?» ብላ ስትጮህብኝ ነው ነገሩ የገባን። የእኛ ድምፅ ይወጣል፤ የእነሱ አይገባም።

ጣቢያችን የእጅ ስልክ ኔትወርክ በማይደርስበት ገደል ሥር ያለ መሆኑን፣ የኢንተርኔት መስመሩም በእርስዎ ትእዛዝ ከስልኩና ከሪፖርት ኮምፒዩተሩ በቀር ለሌላ ነገር ሁሉ ዝግ መሆኑን እርስዎ ያውቃሉ፤ ይህን የምጠቅሰው ለአንባቢ ብዬ ነው። ከላይ በተራራው ትከሻ ላይ ያሉት መንደሮች ኔትወርክ አላቸው፤ ምጥ ሲይዛቸው፣ ደም ሲያዩ፣ ፅንሱ አልንቀሳቀስ ሲላቸው የሚደውሉት ወደዚህች አንዲት ስልክ ነው። አንዲት መኪናም አለችን፤ ስልኩ ሲጠራት የምትወጣ።

ለውለታዎ ሁሉ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፣ ለፈተናው ጥራት አመሰግናለሁ። እንደሰማሁት ለየጣቢያው የተላኩትን ስልኮች በሙሉ እርስዎ ራስዎ በቢሮዎ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ደርድረው፣ ቅንብራቸውን አንድ በአንድ ሞልተው፣ ከጠረጴዛው አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ እየደወሉ፣ ከረዳትዎ ጋር «ይሰማል?» «ይሰማል» እየተባባሉ ፈትነዋቸዋል። ይህን ትጋት ማንም ሊክድ አይችልም። የእርስዎ ጠረጴዛ ላይ ስልኮቹም ጥሪውን የሚያገናኘው ማዞሪያም በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሆኑ፣ አንዱ ለሌላው የውስጥ ቁጥሩን ቢሰጥ ይበቃዋል። እኛ ግን ከጣሪያዎ ሥር አይደለንም። የእኛ ሕንፃ ወደ ውጭ የሚታወቀው በአንድ የውጭ አድራሻ ነው፤ በውስጡ ያሉት መሣሪያዎች ደግሞ ከግድግዳችን ወዲያ ማንም የማያውቀው የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። ስልክዎ ታዲያ በጠረጴዛዎ ላይ እንደለመደው ያንን የውስጥ ቁጥር ለውጭው ዓለም አውጥቶ «መልሱን እዚህ ላኩልኝ» ይላል። ይህ ባሕር ማዶ ላለ ሰው ደብዳቤ ጽፎ፣ የመልስ አድራሻው ላይ «ከቁም ሳጥኑ ቀጥሎ፣ መስኮቱ አጠገብ» ብሎ መላክ ማለት ነው። የእናቶቹ ድምፅ ይነሳል፣ መንገድ ይጀምራል፣ የትም አይደርስም።

ሁለተኛ፣ ለጥበቃው ጥብቅነት አመሰግናለሁ። ስልኩ ይህን ችግር የሚፈታ ቦታ በራሱ ቅንብር ውስጥ አለው። ይህንንም የነገረኝ ባለመሰላሉ ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ይዤ ባስጨንቀው «እህቴ፣ እኔ ገመድ ነው የምስበው እንጂ ቅንብር አይመለከተኝም። አንድ መስመር ነው እኮ፤ የአድራሻ ልወጣ የሚለውን አብርተሽ የሕንፃችሁን የውጭ አድራሻ ትጽፊበታለሽ፣ ስልኩን አጥፍተሽ ታበሪዋለሽ፣ አለቀ። ግን የይለፍ ቃሉ ከአለቃዬ ኪስ አይወጣም፤ ከእኔ ሰማሁ እንዳትይ» አለኝ። ስለዚህ ከእሱ አልሰማሁም። ከመመሪያ መጽሐፉ አንብቤአለሁ፤ መጽሐፉ ስልኩ የመጣበት ካርቶን ውስጥ፣ ከላስቲኩ ሳይወጣ ተኝቶ ነበር። ጠዋት ጠዋት ተረኛ ስሆን የስልኩን የቅንብር ገጽ በሪፖርት ኮምፒዩተሩ ላይ ከፍቼ አየዋለሁ። «የአድራሻ ልወጣ፦ ጠፍቷል» ይላል። ጽሑፉ ግራጫ ነው፤ ብነካው አይነካም። የአንዲት እናት ደረት ላይ ጆሮዬን አድርጌ ልቧን መስማት የተፈቀደልኝ ሴት፣ አንድ መስመር ለማብራት ግን ያልተፈቀደልኝ ሰው መሆኔን በዚህ አጋጣሚ ተምሬአለሁና ለትምህርቱም አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፣ ለእርዳታ መስመርዎ አመሰግናለሁ። ችግሩን በጽሑፍ ባመለክት፣ ማንኛውም የስልክ ብልሽት የሚመዘገበው በስልክ ሲነገር ብቻ መሆኑ በአክብሮት ተገለጸልኝ። በዚያው በተበላሸው ስልክ ደወልኩ። ዝምታውን ሰምቼ «የእናቶች ጤና ጣቢያ ነው፣ ስልካችን ድምፅ አያስገባም» ብዬ ተናግሬ፣ ጠብቄ፣ ደግሜ ተናግሬ ዘጋሁ። በማግሥቱ በኮምፒዩተሩ በኩል «ደዋይዋ የሠራተኛ መለያ ቁጥሯን ተጠይቃ ለመመለስ ፈቃደኛ ባለመሆኗ ጥያቄው ተዘግቷል» የሚል መልስ ደረሰኝ። ጥፋቴን አርሜ ደግሜ ደወልኩና፣ ሳልጠየቅ የመለያ ቁጥሬን፣ የሥራ ድርሻዬን፣ ክፍሌን፣ የስልኩን ቀለም ሳይቀር በአንድ ትንፋሽ አወረድኩት። መልሱ «ደዋይዋ ባለሙያው ሲያነጋግራት ስለማታዳምጥ ጥያቄው ተዘግቷል» የሚል ነበር። እትዬ መልሱን ከትከሻዬ በላይ አንብባ፣ «አሁንስ ውሸት አልተናገሩም» አለችኝ።

አራተኛ፣ አዲስ የስልክ እጀታ ስለላኩልን አመሰግናለሁ። አብሮት የመጣው ወረቀት «እጀታው ከጆሮ ጋር በደንብ ይገጠም» ይላል። ገጥመነዋል።

አምስተኛው ላይ ስደርስ ምስጋናዬ ስለሚያጥር በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እርዳታ እንደማይመጣ ሲገባን፣ እኔና እትዬ ካለን ነገር የራሳችንን ዘዴ አበጀን። ድምፃችን ይወጣል፤ ስልኩም ይጮኻል፤ በእነዚህ በሁለቱ ሰው ማዳን ይቻላል ብለን ነው። ስልኩ ሲጮኽ አንስተን «አልሰማችሁም፤ እናንተ ግን ትሰሙኛላችሁ። አንድ ነገር እጠይቅና ስልኩን እዘጋለሁ። አዎ ከሆነ መልሳችሁ ደውሉ፤ አይደለም ከሆነ አትደውሉ» እንላለን። ቀጥለን እንጠይቃለን፣ እንዘጋለን፣ ስልኩ ላይ አፍጥጠን እንጠብቃለን። የመጣው ጥሪ የማን እንደሆነ ማየትም አይቻልም፤ ጥሪው ሁሉ በእርስዎ ማዞሪያ በኩል ስለሚያልፍ የሚታየው ቁጥር ሁልጊዜ የእርስዎ ነው። መልሰን የማንደውለውም ስለዚሁ ነው። ያም ሆኖ በዚህ መንገድ ሴቶች ሰምተውን መጥተዋል፣ መክረናቸው ድነዋል፤ አንዷ ወልዳ ስትወጣ «ከባሌ ጋርም እንዲህ ብንነጋገር ጥሩ ነበር» ብላ አስቃናለች። የመንደሩ ሰው ለምዶት ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሰው የሚለምደው ሌላ ሲያጣ መሆኑን ለእርስዎ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ስልኩ ጮኸ። ጠየቅሁ፣ ዘጋሁ፣ ጠበቅሁ። ምጥ ነው? ጮኸ። ደም አለ? ጮኸ። በዚያ ሰሞን ቀናቸው የደረሱትን በጭንቅላቴ እያሰብኩ የአንዷን ስም ጠራሁ፤ ዝም አለ። ቆይቶ ሲደውል ሌላዋን ጠራሁ፤ ዝም አለ፤ ከዚያ ደዋዩ ራሱ አላስችል ብሎት እንደገና ደወለ። «የአናጢው ቤት ነው?» ብዬ ዘጋሁ። ወዲያው ጮኸ። የአናጢው ሚስት የመጀመሪያ ልጇ ነበር፤ ባሏ በየምርመራው አብሯት እየመጣ የወንበሮቻችንን የላላ እግር ሲያጠብቅ የሚውል ሰው ነው። አንስቼ «አይዞህ ወንድሜ፣ ደም ካለ እዚያ ልትወልድ አይገባም፤ አሁኑኑ መምጣት አለባት። እዚያ መኪና አግኝታችሁ ከሆነ መልሰህ ደውል። ካላገኛችሁ አትደውል፤ መንገዱ ዳር አውጥታችሁ ጠብቁኝ፣ የእኛን መኪና እልክላችኋለሁ» አልኩና ዘጋሁ።

ስልኩ ጮኸ።

አንስቼ «ጎሽ! መኪና አገኛችሁ ማለት ነው፤ እንዳትቆሙ፣ ቶሎ አምጧት፣ እየጠበቅኋችሁ ነው» አልኩ። በዚያው ሰዓት ሌላ ክፍል ውስጥ አንዲት ወላድ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነበረባት። አናጢው መኪና አግኝቷል ብዬ የእኛን መኪና ለእሷ ሰጠሁ፤ እትዬም አብራት ሄደች።

ክቡር ኃላፊ፣ የደወለው አናጢው አልነበረም። የደወሉት እናንተ ነበራችሁ። ረዳትዎ በትእዛዝዎ ወደየጣቢያው እየደወለ ስልኩን የሚፈትንበት ቀን ነበር። የፈተናውን ውጤት በኋላ እንድፈርም ከተላከልኝ ወረቀት ጋር ተያይዞ አግኝቼዋለሁና ቃል በቃል ልጥቀሰው፦ «ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ስልኩ ይሠራል። ሠራተኛዋ ግን ለሰላምታ መልስ አልሰጠችም፤ ስለ መኪና ታወራለች።»

ስለ መኪና አወራለሁ። እውነት ነው።

አናጢው መኪና አላገኘም፤ ስለዚህ እንዳልኩት አልደወለም። ሚስቱን መንገዱ ዳር አውጥቶ፣ አቧራ በተነሳ ቁጥር ብድግ እያለ የእኔን መኪና ጠበቀ። በመጨረሻ አልመጣ ሲለው ሊሸጠው ሠርቶ የጨረሰውን በር ከነመቀርቀሪያው ከቤቱ አወጣና፣ እሷን በላዩ አስተኝቶ ከሦስት ጎረቤቶቹ ጋር ተሸክመው ቁልቁለቱን ወረዱ። በጣቢያው የነበርኩት አዋላጅ እኔ ብቻ ነበርኩ። የምችለውን ሁሉ አደረግሁ። እናትየዋ ተረፈች። ልጅቱ አልተረፈችም። ፀጉራም ነበረች፣ ጣቶቿ ረጃጅም ነበሩ፤ ይህን የምጽፈው በሪፖርትዎ ውስጥ የሚገባበት ሣጥን ስላላገኘሁለት ነው።

ከዚያ በኋላ አናጢው በሩን ሊወስድ መጣ። እኔ ስድብ እየጠበቅሁ ነበር፤ ቢሰድበኝ በወደድኩ። እሱ ግን በሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ወደ እኔ ሳያይ «እኔ እኮ እያንዳንዷን ቃል ሰምቼሻለሁ። ካላገኛችሁ አትደውል አልሽኝ፤ አልደወልኩም» አለኝ። የተሳሳተው የት ቦታ ላይ እንደሆነ እንድነግረው ነበር የሚጠይቀኝ። ምን እንደመለስኩለት ሊያውቁ ቢፈልጉ፣ ስልክዎን ያስታውሱ። ልክ እንደዚያ ነበርኩ።

ስለ ምርመራዎ ፍጥነትም ሳላመሰግን አላልፍም። ምርመራው ጣቢያችን ሳይመጣ፣ እትዬን ሳይጠይቅ፣ አናጢውን ሳያይ፣ የጥሪ ዝርዝሩን ብቻ አይቶ ሠራተኛዋ የደዋዮችን ስልክ ደጋግማ እንደምትዘጋ አረጋግጧል። ስልኩ ተፈትኖ የሚሠራ መሆኑንም አረጋግጧል። የደረሰው ጉዳትም «በሠራተኛዋ የመግባባት ጉድለት» የመጣ መሆኑን ደምድሞ፣ ከታች የእኔን ፊርማ የሚጠብቅ ባዶ መስመር አስምሮ ልኮልኛል። ፈርሜ ከመለስኩ ጉዳዩ በማስጠንቀቂያ ብቻ እንደሚታለፍ፣ ካልፈረምኩ ግን ከሥራ እስከ መሰናበት እንደሚያደርስ ተገልጾልኛል። እናቴ ወረቀቱን ሳነብላት «አንቺ ልጅ፣ ከአለቃ ጋር እልህ ምን ይሠራልሻል?» ብላ ቀኑን ሙሉ አኩርፋኝ ዋለች። እትዬም በበኩሏ «ልጄ፣ ፈርሚና ሥራሽን ያዢ፤ ወረቀት ነው፣ አይነክስም» አለችኝ። ሁለቱም ስለሚወዱኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን እኔ ከፈረምኩ ጥፋተኛው ተገኝቷል ማለት ነው፤ ጥፋተኛው ከተገኘ ደግሞ ያንን አንድ መስመር የሚያበራ ሰው አይኖርም፤ ያ መስመር ጠፍቶ እስካለ ድረስ የሚቀጥለው ደዋይ የሚናገረውም የሚገባው ወደዚያው ዝምታ ነው። ይህን ጽሑፍ በምጽፍበት ሰዓት እንኳ ስልኩ ሁለት ጊዜ ጮኾ አንስቻለሁ። ማን እንደሆነች አላወቅሁም። በሁለተኛው «ምጥ ነው?» ብዬ ዘጋሁ። አልጮኸም። ይህ «አይደለም» ማለቷ ይሁን፣ ስልኳ ባትሪ መጨረሱ ይሁን፣ ወይም መልስ መስጠት የማትችልበት ሁኔታ ላይ መሆኗ ይሁን የማውቅበት መንገድ የለኝም። እጀታውን ግን ከጆሮዬ ጋር በደንብ ገጥሜ ነበር።

የማውቀውን ሁሉ አውቄ፣ ችግሩ የትኛው ገጽ ላይ የትኛው መስመር እንደሆነ በጣቴ እያሳየሁ፣ ምንም ማድረግ አለመቻሌ ከሁሉ ይበልጥ ያንገበግበኛል። ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ አለማወቅ እንደሚገድል ነው። ማወቅ ያለ ፈቃድ ምን እንደሚያደርግ ግን አልነገሩኝም።

ላሳዩኝ ትዕግሥት፣ ለላኩልን እጀታ፣ ለጠረጴዛዎ ርዝመት፣ ለይለፍ ቃልዎ ጥብቅነትና ለረዳትዎ ጥርት ያለ ጆሮ ደግሜ ደጋግሜ እያመሰገንኩ፣ ሥልጣንዎ እንዲሰፋ፣ ቢሮዎ እንዲሞቅ፣ ከቤተሰብዎ መካከል ምጥ የሚይዛት ሁሉ ከእኛ ጣቢያ ርቃ እንድትገኝ ከልብ የምመኝ፣

ድምፅዋን ሰምተው «ስለ መኪና ታወራለች» ካሏት፣
አዋላጅ ነርስ

ማሳሰቢያ፦ እንዲፈረም የላኩት ወረቀት ሳይፈረም በፖስታ ተመልሶልዎታል። የይለፍ ቃሉን ለመላክ ከፈለጉ በጽሑፍ ይሁን፤ በስልክ ቢነግሩኝ አልሰማዎትም። ከእንግዲህ የማልቀበለውንም በግልጽ ላስቀምጥ። እኔ ስለተሰማሁ ብቻ እናቶቹም ተሰምተዋል መባልን አልቀበልም። በሌለ ጆሮ አላዳመጠችም ተብዬ መወቀስን አልቀበልም። የአናጢው ልጅ የሞተችው አባቷ የተነገረውን በትክክል ፈጽሞ፣ እኔም የማውቀውን ሁሉ አድርጌ፣ አንድ መስመር ሳይበራ ስለቀረ ነው፤ ከዚህ በተለየ ምክንያት የተጻፈ ማንኛውንም ወረቀት፣ ሥራዬን ቢያሳጣኝም፣ አልቀበልም።